ኬያ ከገባች አንዱ ይወጣል

በዚያ ሰፈር ክሪኬት ሲኖር ሰው ከተቀመጠበት አይነቃነቅም። ኬያ ይኼን አታውቅም ነበር። ማን ይንገራት? ከመጡ ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነው። አባቷ የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለሆነ፣ በየጥቂት ዓመቱ ዕቃ መጫንና ማውረድ ልማዳቸው ነው። አሁን ደግሞ ዕጣቸው ሰሜን ኮልካታ ሆነና ከአንዲት ጠባብ መንገድ ዳር ሁለተኛ ፎቅ ተከራዩ። የውሃ መሳቢያው ሞተር ቁልፍ የሰፈሩ ክበብ ውስጥ ነው ሲሏት፣ እርጥብ እጇን በሳሪዋ ጫፍ እየጠረገች ሄደች።

ክበቡ ማለት አንድ ክፍል ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ እስከ በሩ የታጨቀ ወንድ። ህንድና አውስትራሊያ አምስት ቀን የሚፈጀውን ትልቁን ግጥሚያ ይዘዋል። ሁለቱ የህንድ መቺዎች ከጠዋት ጀምሮ አልበገር ብለዋል፤ ስለዚህ ጠዋት የተቀመጠ እንደተቀመጠ፣ የቆመም እንደቆመ ነው። አንዱ ሽንቱ ይዞት እግሩን አቆላልፎ ያቃስታል። ውጣ የሚለው ግን የለም። እሱ ከተነሣ መቺው ተሸንፎ ከሜዳ ይወጣላ! እንዲህ ነው የሚታመነው።

ኬያ በሩን ከፍታ ገባች።

ያኔውኑ የአውስትራሊያው ወርዋሪ ኳሷን ለቀቃት። የህንዱ መቺ ሳታት። ከኋላው የተተከሉት እንጨቶች ብትንትን አሉ። ወጣ!

ያ ሁሉ ራስ ባንድ ጊዜ ወደ በሩ ዞረ።

«ማናት ይቺ ገደ ቢስ?» አለ ከፊት የተቀመጠው ቀጭን ወጣት። «ውጪልን በናትሽ!»

የኬያ አፍ ደግሞ ዝም የሚል አይደለም። «ኳሷን የወረወርኳት እኔ ነኝ?»

«እግርሽ ነው የወረወራት! እግርሽ ደረቅ ነው።»

«ያንተ መቺ ዓይኑ ደርቆ የኔን እግር ትሳደባለህ! የሞተሩን ቁልፍ ስጡኝና ልሂድላችሁ።»

ማንም ሳይነሣ ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብሎ ደረሳት። በሩን ዘግታ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ውስጥ ጩኸቱ ቀለጠ፤ አዲሱ መቺ ኳሷን ከሜዳው ጥግ አድርሷታል። በቃ! ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሳይመሽ ሰፈሩ በሙሉ ስሟን አወቀ፤ ኬያ የሚለውን ሳይሆን ሌላውን።

በማግስቱ ያ ቀጭን ወጣት ደረጃውን ወጥቶ በራቸው ላይ ቆመ። ሹብሮ ይባላል። ማተሚያ ቤት ስለሚሠራ ጥፍሩ ሥር ቀለም አይጠፋም። በእጁ በሸክላ የረጋ ጣፋጭ እርጎ ይዟል።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ተሸነፋችሁ እንዴ?»

«ምሳ ሰዓት ላይ አለቀልን።»

«እኔ እኮ ዛሬ ከቤት አልወጣሁም። ዛሬስ ማን ገብቶባችሁ ነው?»

ሹብሮ ራሱን አከከ። «እሱን... አላሰብኩትም።»

«ሂድና አስብበት። እርጎውን ግን ተውልኝ።»

እየሳቀ ወረደ። እሷም በሩን ዘግታ ብቻዋን ሳቀች። ፍቅራቸው እዚያች ደረጃ ላይ ተጀመረ ቢባል ውሸት አይሆንም።

ሰፈር ግን ያገኘውን ቃል አይጥልም። ዓሣ ሻጩ ኒታይ ከሩቅ ሲያያት፣ «ገደ ቢሷ መጣች፣ ሬዲዮኑን ዝጉ!» ይላል። እሷም፣ «ዓሣህ የሚገማውም በኔ ነው በላ!» ትለዋለች። ሁሉም ይስቃል። እሷም ትስቃለች። ስድብ በሳቅ ሲገባ ማን በር ይዘጋበታል?

አንድ ቀን፣ ከአውስትራሊያ ጋር ሌላ ግጥሚያ ሊጀመር ሲል፣ ሹብሮ ክበቡ ውስጥ ተነሥቶ፣ «እናንተ፣ ሞኞች ነን እኮ!» አለ። «አውስትራሊያዎቹ ሲመቱ ለምን አናስገባትም?»

ተጨበጨበለት። በዚህ ጨዋታ ቡድኖቹ የሚመቱት በየተራ ነው፤ እናም አውስትራሊያዎቹ ሲመቱ ኬያ ተጠርታ ከፊተኛው ወንበር ትቀመጣለች፣ ከሹብሮ አጠገብ። «ዓይንሽን እንዳትነቅዪበት!» ይሏታል። አንዱ አውስትራሊያዊ ሲወጣ «ኬያ ትኑር!» ይባላል፤ ሻይ ይገዛላታል፣ ጥብስ ደበርጃን ይመጣላታል። ህንድ ሊመታ ሲገባ ደግሞ፣ «በይ ኬያ፣ ተራሽ አበቃ» ተብላ ትወጣለች።

እንዲህ በወጣችበት አንድ ከሰዓት ሰገነት ላይ፣ ከተሰጣው ልብስ መሀል ተቀምጣ ሳለ ኮቴ ሰማች። ሹብሮ ነው።

«ህንድ እየመታ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እንጃ... ወንበሬን ለቀቅኩ።»

«ሹብሮ! ወንበርህን?»

በዚያ ሰፈር ሚስቱ ምጥ ይዟት እንኳ ወንበሩን ያልለቀቀ ሰው አለ።

«ቢወጣባችሁስ?»

«ይውጣ።»

ከታች ረጅም ጩኸት መጣ። «አራት ነጥብ» አለ ሹብሮ፣ ጩኸቱን ብቻ ሰምቶ። ከዚያ ወዲህ ህንድ በመታ ቁጥር ሁለቱ ሰገነት ላይ ናቸው። ደስታውንም ሐዘኑንም ከሰፈሩ ድምፅ ይለያሉ፤ ረጅም ጩኸት ከሆነ ደግ ነው፣ አጭር «ኧረ!» ከሆነ አንዱ ወጥቷል።

«ኬያ» አላት ከዕለታት አንድ ቀን፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ከምንደበቅ...»

«እ?»

«አንድ ቤት ብንገባስ?»

«ገደ ቢስ አግብተህ ምን ልትሆን?»

«ክሪኬት የማያይ ሰው እሆናለኋ!»

«አትዋሽ!»

«እሺ፣ ይቺን ዋሸሁ። ግን አንቺ ውጪ ስትባዪ እኔም አብሬሽ እወጣለሁ። ይኼ የእውነቴን ነው።»

አመነችው። ለምን አታምነው? ወንበሩን ሲለቅ በዓይኗ አይታለች።

የሹብሮ አባት ቢሽናት በጡረታ ያለ የትራም ሾፌር ነው። ኬያ «ሜሾ» ትለዋለች፣ አጎቴ እንደማለት። እናቱን ሹራማን ደግሞ «ማሺማ»፣ አክስቴ። ሹራማ ቁጥብ ናት፤ ሽማግሌው ግን ኬያን ሲያያት ጥርሱ አይከደንም። «ልጄ» ይላታል፣ «አውስትራሊያን ከምጠላው በላይ ነው አንቺን የምወድሽ። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ?»

የሠርጉ ቀን የሚቆረጥበት ዕለት መጣ። ዕለቱን የሂንዱ ካህናቸው ከቀን መቁጠሪያው መርጦ የሰጣቸው ነው፤ ከአውስትራሊያ ጋር የተያዘው ግጥሚያ አምስተኛ ቀን ላይ እንደሚውል ግን ማንም ልብ አላለም። ኋላ ነቅተው ሽማግሌውን ሲጠይቁት፣ «ግድ የለም፣ አውስትራሊያዎች በአራት ቀን ይጨርሱናል» አለ። አልጨረሷቸውም። ኬያ ቀይ ሳሪዋን ለብሳ ከእናት ከአባቷ ጋር የሹብሮን ቤት ደረጃ ስትወጣ፣ የህንድ የመጨረሻዎቹ ሁለት መቺዎች ሜዳ ላይ ነበሩ። አንዱ ከወጣ ተሸነፉ። እስኪመሽ ከቆዩ ግን አቻ ነው፤ በአውስትራሊያ ላይ ደግሞ አቻ ማለት ድል ነው።

«ኬያ!» አለ ሽማግሌው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ እጁን ወደ በሩ ዘርግቶ። «ልጄ፣ እግርሽ ሥር ልውደቅ፣ ትንሽ ደረጃው ላይ ቆዪልኝ! ጥቂት ነው የቀረው።»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። የገዛ አባቷም «እውነቱን ነው፣ ቆዪ አንቺ» አለና ገብቶ ተቀመጠ።

ሹብሮ ብድግ ሊል ሲል፣ «አንተ ንቅንቅ እንዳትል!» አለው አባቱ።

«ተቀመጥ» አለችው ኬያ እየሳቀች። «ዛሬ እንኳ አባትህን ደስ አሰኘው።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በሩ ገርበብ ብሏል። የቴሌቪዥኑን ድምፅ፣ የሰዉን ትንፋሽ ትሰማለች። ኳስ ይወረወራል፣ መቺው ይመክታል፣ ሁሉም እፎይ ይላል። ደግሞ ሌላ ኳስ። እሷም ሳታስበው አብራቸው እፎይ ትላለች።

ከዚያ የሹብሮ ድምፅ መጣ፤ ዝቅ ያለ። «አባዬ፣ ምን ሆንክ? አልቦሃል እኮ።»

«ዝም በል።»

«እጅህ ይንቀጠቀጣል። ገብተህ ጋደም በል።»

«ተነሥቼ ላስወጣው? ተቀመጥ አልኩህ! ማንም እንዳይነሣ!»

ኬያ ሹብሮ ሲነሣ ትሰማለች ብላ ጠበቀች። አልተነሣም። ኳስ ተወረወረ፣ እፎይ ተባለ። ደግሞ ሌላ። ከዚያ ከቴሌቪዥኑ ጩኸት ሥር አንድ ድምፅ ሰማች፤ ሰው አየር ሲያጥረው የሚያሰማውን። ቆማ በሩን በረገደችው።

«ሜሾ!»

«ኬያ፣ አትግቢ!» አሉ ሦስት አራት ሰዎች ባንድ አፍ።

ቴሌቪዥኑ ላይ እንጨቶቹ ተበተኑ። ሽማግሌውም ከወንበሩ ተንሸራተተ። ራሱ ወለሉን ሳይመታ የደረሰችለት እሷ ብቻ ናት። ጭንቅላቱን ታፋዋ ላይ አድርጋ «ሐኪም! ሐኪም ጥሩ!» ስትል፣ ሌላው ገና ከመቀመጫው እየተነሣ ነበር። ሐኪሙ ሲደርስ ነገሩ አልቋል። ልቡ ነው አለ። ሕመሙ ከጠዋት የጀመረው ሳይሆን አይቀርም፣ በጊዜ ቢጠሩኝ ኖሮ አለ። ይኼን ግን ማንም አልሰማውም፤ ምክንያቱም ሹራማ ጸጉሯን እየነጨች ትጮህ ነበር።

«ገደ ቢስ! አትግቢ ስትባል ገብታ! ባሌን በላችብኝ!»

ኬያ ቀና ብላ ሹብሮን አየችው። ሹብሮ አንገቱን ደፋ።

አባት በሞተ ዓመት ሠርግ አይደገስም፤ ወጉ ነው። ሹብሮ ራሱን ተላጭቶ እንደ ሃይማኖቱ ሥርዓት የአባቱን ሬሳ በወንዙ ዳር አቃጠለ፣ ዓመቱንም መቁጠር ጀመረ። ያ ዓመት ለኬያ እንዴት እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ኒታይ መቀለዱን ተወ። ስታልፍ ዝም ብሎ ፊቱን ያዞራል። ከዚያ ዝምታ «ገደ ቢሷ መጣች» ምን ያህል ይሻል ነበር! አራስ ያለበት ቤት በር ይዘጋባታል። ኬያ የሰፈሩን ልጆች ሒሳብ ታስጠና ነበር፤ እናቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ፣ «ፈተና ደርሷል፣ ለጊዜው ይቅርብን» አሏት። ፈተና ደርሶ ጥናት ይቅር የሚባልበት አገር የት ነው?

ሹብሮን ሰገነት ላይ አገኘችው። ጸጉሩ ገና ቀንበጥ አውጥቷል።

«እናቴ ትረሳዋለች» አላት። «ሐዘኑ ነው የሚያናግራት።»

«ሹብሮ፣ ያን ቀን 'አልቦሃል' ስትለው ሰምቻለሁ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ሰማሽ?»

«በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሁሉንም ሰምቻለሁ። የገባሁት ድምፁን ሰምቼ ነው። ይኼን ብቻ ንገራት... ሕመሙ እኔ ከመግባቴ በፊት እንደነበር።»

«እንዴት ብዬ? እያየሁት ተቀመጥኩ ልበላት? ኳስ እያየሁ አባቴን ገደልኩት ልበላት?»

«አንተ አልገደልከውም። እኔም አልገደልኩትም። እሷ ግን ሰፈሩን ሁሉ እኔ ነኝ እያለችው ነው።»

አለቀሰ። እሷም አብራው አለቀሰች፤ ትወደዋለቻ! እንባውን በሳሪዋ ጠረገችለት።

«ጊዜ ስጪኝ ኬያ። እነግራታለሁ።»

ሰጠችው። ዝናቡ መጣ ሄደ፣ ጊዜ ሰጠችው። የሂንዱዎቹ እንስት አምላክ ክብረ በዓል ደረሰ፤ ሰፈሩ በመብራት ሲያሸበርቅ እሷ መስኮቷን ዘግታ ዋለች፣ አሁንም ጊዜ ሰጠችው። በተገናኙ ቁጥር «ትንሽ ቆዪ» ይላታል። ትንሽ ቆዪ! ያን ቃል ደረጃው ላይ ሆና ሰምታዋለች።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል አባቷ ተዛወረ። ወደ ሰሜን፣ ተራራው ግርጌ ወዳለችው ሲሊጉሪ። እናቷ «ተመስገን» አለች፤ ሰው ልጇን እንደ ጥላ ወጊ ሲያያት አንጀቷ አርሮ ነበር።

«ልንሄድ ነው» አለችው ኬያ።

ሹብሮ እጇን ያዘ። በሰው ፊት፣ በመንገዱ መሀል፣ በኒታይ ዓሣ ፊት እጇን ይዞ እየጎተተ ወደ ቤቱ ደረጃ አወጣት።

ሹራማ ነጭ የመበለት ሳሪዋን ለብሳ ወለሉ ላይ ድንች ትልጣለች። ኬያን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«እናቴ፣ ስሚኝ» አለ ሹብሮ። «አባዬ እሷ ከመግባቷ በፊት ታሞ ነበር። አልቦት ነበር። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አይቼዋለሁ። ተነሥቼ ሐኪም መጥራት ስችል ተቀመጥኩ፤ መቺው እንዳይወጣ ብዬ። የተነሣችው ኬያ ብቻ ናት። ዓመት ሙሉ ይኼን ደብቄሻለሁ።»

ቢላዋው ቆመ። ሹራማ ድንቹን አስቀመጠች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«ጠዋት ደረቴን ወጋኝ ብሎኝ ነበር። ዝንጅብል አፍልቼ ሰጠሁት። ሐኪም እንጥራ ስለው ጨዋታው ይለቅ አለኝ። እኔም... ይለቅ አልኩ።» ቢላዋውን ወለሉ ላይ ጣለችው። «ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሲያልበው አየሁት። እኔም አልተነቃነቅኩም ልጄ! አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ለኳስ ብዬ አልተነቃነቅኩም! በኔ ሞተ ከምል፣ ኬያ፣ ባንቺ ሞተ ማለት ቀለለኝ።»

ኬያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አሮጊቷን አቀፈቻት። ሹራማ የኬያን ፊት በሁለት እጇ ይዛ፣ «ማሪኝ» አለቻት። «ነይ ቤቴ ግቢ። የዚህ ቤት ልጅ ሁኚ።»

«ማሺማ፣ ምሬዎታለሁ» አለች ኬያ። የእውነቷን ነው።

ደረጃው ላይ ሲደርሱ ሹብሮ እንባውና ሳቁ ተደባልቆበታል። «አለቀ ኬያ! ሰማሽ? ግቢ አለችሽ እኮ! ነገ ከአባትሽ ጋር እነጋገራለሁ!»

«ሹብሮ።»

«ሲሊጉሪ አትሄጂም...»

«ሹብሮ፣ እሄዳለሁ።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። «ምን ማለትሽ ነው? ነገርኳት እኮ። ያልሽኝን አደረግኩ።»

«አደረግክ። እግዜር ይስጥህ። እናትህም ዛሬ እፎይ ብላ ትተኛለች።»

«ታዲያ?»

«ሰፈሩ በር ሲዘጋብኝ ዓመት ሙሉ አየህ። አንዲት ቃል ከአፍህ ብታወጣ ይቆም ነበር።»

«ፈርቼ ነበር።»

«አውቃለሁ። አልጠላሁህም። ብጠላህ እንዴት ይቀለኝ ነበር መሰለህ!» እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «ነገ ልጃችን ይታመማል። ነገ ሥራ ታጣለህ። ያኔ ትፈራለህ። ስትፈራ ዝም ትላለህ፤ ዝም ስትል ደግሞ ነገሩ የሚወድቀው እኔ ላይ ነው። ይኼን እያወቅኩ አጠገብህ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?»

«እለወጣለሁ ኬያ። በአባቴ ነፍስ!»

«ተለወጥ የኔ ጌታ። ተለወጥ። እኔ ግን ተቀምጬ እስኪለይልህ መጠበቅ አልችልም። ደከመኝ።»

የምትለው እውነት እንደሆነ ያወቀው ያኔ ነው መሰለኝ፤ አልተከራከራትም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ኬያ ራሱን አንዴ ዳበሰችውና ወረደች።

ዕቃቸው የተጫነ ዕለት ሹብሮ ሳይጠሩት መጣ። ከአባቷ ጋር ቁም ሣጥኑን ተሸክሞ አወረደ፣ አልጋውን ፈታ፣ ገመዱን አጥብቆ አሰረ። ኒታይም ዓሣውን ትቶ መጥቶ ድስት ተሸከመ፤ ሹብሮ ነገሩን ሁሉ ለሰፈሩ ተናግሮ ኖሮ፣ ኒታይ ቀና ብሎ ኬያን ሊያያት አፈረ። የጭነት መኪናው ሞተር ተነሣ። ኬያ ከሾፌሩ ኋላ ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች።

ሹብሮ በመስኮቱ በኩል ቀረብ አለ። «ስትደርሺ ትጽፊልኛለሽ?»

«አልጽፍልህም።»

«አንድ መስመር ብቻ... ደረስኩ ብለሽ።»

«አልጽፍም ሹብሮ» አለችው። «ከጻፍኩ እመለሳለሁ።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ወንዙን እስኪሻገሩ ድረስ እናቷ ትከሻዋን አቅፋ ያዘቻት፣ ኬያም የልቧን አለቀሰች። ሲሊጉሪ ደርሰው ቤት ያዙ፤ ልጆች ማስጠናት ጀመረች፤ ከዓመታት በኋላ አንድ ዝምተኛ የደን መሥሪያ ቤት ሰው አግብታ ወለደች። ሹብሮ እናቱን እስከመጨረሻዋ ጦረ። ፖስታ አመላላሹ በዚያ መንገድ ባለፈ ቁጥር ከማተሚያ ቤቱ በር ብቅ ይል ነበር ይባላል።

እሷ ግን አልጻፈችም።